ያላለፈው ክንፍ

እኅቴም አሳዳጊዬም ለሆንሽው ለውድ እታለሜ፤

እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚያምሽ ያ ጉልበትሽ ተሻለው? ዓይንሽስ፣ አሁንም ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባልሽ ልጅሽ ናት ወይስ መነጽሩን አደረግሽው? ባለቤትሽ ከመንገድ በሰላም ይገባል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አክስታችንስ? እማማስ፣ እማማስ፣ እማማስ እንዴት ናት? ሦስት ጊዜ የጻፍኩት እጄ ስቶ አይደለም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ስለ ልቤ ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሐኪሙ የእማማ ሕመም ጉበቷ ላይ መሆኑንና ብዙ ተስፋ እንደማይሰጥ እንደነገረሽ፣ አንቺ ግን «ጨጓራሽ ነው አሉ» እንዳልሻት ጽፈሽልኛል። «አንተም ለእሷ ብቻ ደስ የሚል ደብዳቤ ጻፍላት፤ አደራ ምንም እንዳታስነቃባት» ብለሽኛል። ሦስት ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። አንዴማ «እማማ፣ ጨጓራሽ ሲሻልሽ» እስከሚለው ደርሼ ቀደድኩት። አትቀየሚኝ፤ ሰንፌ አይደለም፣ እናንተንም ረስቼ አይደለም። እዚህ የደረሰብኝን አንድ ነገር ላጫውትሽና ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ፍረጂኝ። ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው።

ሰው በጠየቀሽ ቁጥር «ወንድሜ አውሮፕላን ይሠራል» እንደምትይ አውቃለሁ፤ አክስታችን ደግሞ «ይነዳል» ብላ አሻሽላዋለች አሉ። አልሠራም፣ አልነዳምም። እኔ ያለሁት የወጪ ግምት ክፍል ነው። ገና ያልተወለደ አውሮፕላን ሲወለድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስቀድሜ የምገምት ሰው ነኝ፤ በተለይ ከዚህ በፊት ማንም ያልሞከረው አዲስ ነገር ሲመጣ።

በአንቺ ሥራ ላስረዳሽ። አንዲት ደንበኛ ተሰፍቶ የማያውቅ ዓይነት ቀሚስ ሥዕል አምጥታ «ስንት ይፈጅብኛል?» ብትልሽ በሦስት መንገድ ልትመልሺላት ትችያለሽ። አንደኛው፣ እስከዛሬ የሰፋሻቸውን ቀሚሶች አስታውሰሽ «ይህን ያህል ጨርቅ የወሰደ ይህን ያህል ያወጣል» ማለት ነው። እኛም የቀድሞ አውሮፕላኖችን ክብደትና ዋጋ ደርድረን አዲሱን በኪሎው እንተምነዋለን። ቶሎ ያልቃል፤ አዲሱ ነገር ቀድሞ የነበሩትን ካልመሰለ ግን ይስታል። ሁለተኛው ቁጭ ብለሽ ክሩን፣ ቁልፉን፣ ገበሩን፣ የእጅሽን ሰዓት አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ይኸኛው ያደክማል፣ የረሳሽው ነገርም ሳይቆጠር ይቀራል። ሦስተኛው፣ «ዛሬ ስትገዢው ብቻ ሳይሆን አርጅቶ እስክትጥዪው ድረስ ምን ያስወጣሻል?» ብሎ ማስላት ነው፤ እጥበቱን፣ ጥገናውን፣ ስንት ዓመት እንደሚለበስ። ለአውሮፕላን ደግሞ ነዳጁን፣ መለዋወጫውን፣ ለጥገና የሚቆምበትን ቀን። ታዲያ ሦስቱ መንገዶች ስለ አንዱ ነገር ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ሦስቱን አስተያይቶ የትኛው እንደሚታመን መጻፍ የእኔ ሥራ ነው።

ባለፈው ዓመት አለቃዬ አንድ ክንፍ ሰጠኝና «በሦስቱም አስላው» አለኝ። ብረት የሌለበት፣ ብሎን የማይታይበት፣ ከጥቁር ክር እንደ ጨርቅ ተሸምኖ በሙጫ የደረቀ ክንፍ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል። የአንድ ሰው የዐሥራ አራት ዓመት ልፋት ነው። እኚህን መሐንዲስ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ባለክንፉ» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ አላቸው፣ በጋ ከክረምት አያወልቁትም። መጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙና «የሰውን ሕልም በኪሎ የምትመዝነው አንተ ነህ?» አሉኝ። ሳቁና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጣሉ። በመጀመሪያው መንገድ አልተስማማንም፤ «እኔ የሠራሁትን ነገር እኔ ጠልቼ በተውኩት ነገር ዋጋ ትተምነዋለህ?» ይሉኛል። ሁለተኛውን ስንጀምር እጄን ይዘው ወደ ሥራ ቦታው ወሰዱኝ። ክሩን ሻጋታው ላይ የሚደረድሩ ስድስት ሴቶች አሉ። እኔ ሰዓት ይዤ ጎናቸው ስቆም ሴቶቹ ተጨናነቁ፤ አንዷማ ክሩን ጣለች። ጋሼ ሰዓቱን ከእጄ ወስደው ኪሴ ከተቱትና «ግባና አብረህ ደርድር» አሉኝ። ደረደርኩ። ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣብቀው ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳምንቱን ሙሉ ስሜ «ሙጫው» ሆነ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ በእያንዳንዱ የክር ድርብ መሐል እጅ መታጠብ አለ፣ እኔ ደግሞ የእጅ መታጠቢያውን ጊዜ አንድም ቦታ አልቆጠርኩትም ነበር። ስቆጥረው ግምቱ ሽቅብ ወጣ። ጋሼ የራሳቸው ክንፍ እንደተወደደባቸው እያዩ «አየህ፣ አሁን እውነት ሆነ» ብለው ተደሰቱ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ፣ እታለሜ።

በመጀመሪያው መንገድ ክንፉ አያዋጣም። በሁለተኛው ጭራሽ አያዋጣም። የቀረን ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ሁሉም ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ፤ ክንፉ ከስንት የበረራ ሰዓት በኋላ መቀየር አለበት? ቶሎ ካረጀ የቆጠበውን ነዳጅ መልሶ ይበላዋል። ጋሼ ሃያ ሺህ ሰዓት እንደሚቆይ እርግጠኛ ነበሩ። «ዐሥራ አራት ሺህም ይበቃናል፤ ከዐሥራ አራት ሺህ ከወረደ ግን ክንፌን ቅበረው» አሉኝ። የመፈተሻ ክፍሉ ናሙናውን በማሽን ላይ አስሮ ሌት ተቀን ወደ ላይ ወደ ታች እያጎነበሰው ነበር፤ መልሱን እንጠብቃለን።

መልሱ ሳይመጣ ጋሼ ታመሙ። መጀመሪያ ምግብ ዘጋቸው፤ ከዚያ ሹራቡ ሰፋቸው፤ ከዚያ አንድ ሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ። ቆሽታቸው ነው፣ ደግሞም ዘግይቷል አሉ። ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ በመኪና ማቆሚያው በኩል በሆነች ክፍል ተኙ። እኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። ስለ ሕመማቸው ስጠይቃቸው መልሰውልኝ አያውቁም፤ «ከመፈተሻ ክፍል ምን ተባለ?» ነው የሚሉኝ።

ባለቤታቸው መነጽር ሠሪ ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ሥራ ላይ የሚያደርጓት አጉሊ መነጽር ሁልጊዜ በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥላ ነው ሆስፒታል የሚመጡት። አንድ ቀን ስወጣ ተከትለውኝ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ አልፏል በላቸው» አሉኝ። ክንዴን ጨበጡኝ። «እውነቱን እንድትነግረኝ እኔ አልጠይቅህም። እሳቸውን ብቻ ደስ አሰኝልኝ። ይቺን ብቻ።» እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?

መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። በስምንት ሺህ ሰዓት ላይ ድርቡ ተላቅቋል። ወረቀቱን አራት ጊዜ አነበብኩት። ስሌቱን እንደገና ሠራሁ፣ እንደገና፣ እንደገና። ስምንቱን አጥፍቼ ሃያ ስጽፍ የማሰላበት ማሽን «ያዋጣል» ይለኛል፤ መልሼ ስምንት ስጽፍ «አያዋጣም»። አንድ ቁጥር ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሃያውን እንደተጻፈ ትቼው ወደ ምሳ ሄጃለሁ። ሪፖርቱን እንደዚያው አድርጌ ለማስገባትም አስቤ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ፔርሙዙን ሙቅ ውኃ ሊሞሉ ወጥተው ነበር። ጋሼ ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደ ወረቀት ሆኗል። ገና በሩ ላይ ሳለሁ «መጣ?» አሉኝ። «መጣ ጋሼ፤ በሦስተኛው አለፈ» አልኩ። ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተናገርኩት። «በስንት ሰዓት ያዝከው?» አሉኝ። እታለሜ፣ ውሸቴን ሳሰናዳ ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ እየጠየቁኝ እየመለስኩ ለምዶብኝ «በስምንት ሺህ» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው አንሶላው ላይ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ እያሰሉ እንደሆነ አወቅሁ። እኔ ቆሜ ወለሉን አያለሁ። ያን ጊዜ እትዬ ገቡ። ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡና ፊታቸው በሙሉ እየሳቀ «ሰማሽ? ክንፌ አለፈ አለኝ» አሏቸው። እትዬ ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እሳቸውንም እኔንም እያገላበጡ ሳሙን። አለቀሱ። ሴት ልጃቸው ጋ ሊደውሉ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ጋሼ በእጃቸው ጠሩኝና ጎንበስ አልኩ። «ሪፖርቱ ላይ ስምንቱን ጻፍ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለእኔ የዋሸኸውን እረዳዋለሁ። ወረቀቱን ግን እንዳታስዋሸው፤ ሰው ይሳፈርበታል።» እሺ ጋሼ አልኩ። እትዬ ሲመለሱ ስለ ክንፉ ቀለም ማውራት ጀመሩ፤ ነጭ ይሁን ወይስ እንዳለ ጥቁር ይተው እያሉ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። ክፍሉ ደስታ ሆኖ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የመጣው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል፤ ጉዳዩን ያላወቀው ከልቡ፣ ያወቀው እኔን አየት እያደረገ። ጋሼ ለሁሉም አመሰግናለሁ ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እትዬ ፀጉራቸውን እያበጠሩላቸው «ልጃችን በእርስዎ ክንፍ ስትሄድ እኔ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ» ሲሏቸው፣ ጋሼ ፊታቸውን ወደ መኪና ማቆሚያው አዞሩ። ብዙ ደቂቃ እንደዚያ ቆዩ። እትዬ «ደከመዎት?» አሏቸው። «አዎ፣ ደከመኝ» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት አረፉ።

ሪፖርቱ ላይ ስምንቱን ጻፍኩ። ሦስቱንም መንገዶች አስተያይቼ፣ የሚታመነው ሦስተኛው እንደሆነ፣ በሦስተኛውም ክንፉ እንደማያዋጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩት። ዐሥራ አራት ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር። ሪፖርቱን ያየው ኮሚቴ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልተቀመጠበትም። ናሙናው በሸራ ተጠቅልሎ መጋዘን ገባ፤ ስድስቱ ሴቶች ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። ከቀብሩ በኋላ ቤታቸው ስሄድ እትዬ ለመጣው ሁሉ «ደስ ብሏቸው ነው የሄዱ፤ ክንፋቸው አልፎላቸው ነው» ይላሉ። እኔን እያሳዩ «ይኸው ያሳለፈላቸው» ይላሉ። አንድ አዛውንት ብድግ ብለው ጨበጡኝ። የዚያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እትዬ የባለቤታቸውን ዕቃ ሊወስዱ መሥሪያ ቤት መጡ። ካርቶን ይዤ አብሬያቸው ገባሁ፤ ሹራቡ ወንበሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ አንድ ስኒ፣ ማስመሪያዎች፣ የተቀረጹ እርሳሶች። መሳቢያውን ሲዘጉ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ያን ቀን የነገርካቸው እውነት ነበር?» አሉኝ። እንዲህ ብለው እንደማይጠይቁኝ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኝ ነበርና ምንም አልተዘጋጀሁም። ደግሜ መዋሸት ግን አቃተኝ። «አይደለም እትዬ፤ አላለፈም» አልኳቸው።

በጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እሳቸው ያውቁ ነበር?» አሉ። አዎ፣ ወዲያው ነው ያወቁት፣ ቁጥሩ አምልጦኝ ነበር፣ እርስዎን ላለማሳዘን ነው የሳቁት፣ አልኳቸው። ያቺን አጉሊ መነጽር በጣታቸው አገላበጡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር። ፊትህን አይቼ ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው ያመንኩ የመሰልኩት። እሳቸው ለእኔ ሲስቁ፣ እኔ ለእሳቸው ስስቅ። ዘጠኝ ቀን! ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርን ሰዎች፣ በመጨረሻው ዘጠኝ ቀን አብረን ማልቀስ እንኳ አልቻልንም። ብቻቸውን አለቀሱ። ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ብቻቸውን አለቀሱ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ያስዋሸሁህ እኔ ነኝ፤ አንተን ምን አደርግሃለሁ» አሉኝ። ሹራቡን አጣጥፈው ካርቶኑ ላይ አደረጉና ራሳቸው ተሸክመውት ወጡ። ልሸከምልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሄጄ በራቸውን ለማንኳኳት ድፍረት አጣሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ማዞሪያው ደርሼ ተመልሻለሁ።

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን ነው ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ።

እታለሜ፣ አንቺን ልወቅስ ብዬ አይደለም። እኔ ርቄ፣ አንቺ አልጋዋን እያነጠፍሽ፣ አፏን እየጠረግሽ፣ በቀን መቶ ጊዜ ፊቷን እያየሽ ነው የምትኖሪው። ውሸቱን የተናገርሽው ከክፋት እንዳልሆነ የእኔን ያህል የሚያውቅ የለም። ግን እማማን አስቢያት። አባባ ከሥራ የወጡ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ለብሰው እየወጡ መናፈሻ ሲቀመጡ፣ በሦስተኛው ቀን ነቅታባቸው እያለ ምሳ ቋጥራ ትሰጣቸው ነበር፤ ያውም ሥራ ላይ ሳሉ ያልነበረ ሁለት እንቁላል ጨምራ። ይቺን ሴት በጨጓራ የምናታልላት ይመስልሻል? እኔን የሚያስፈራኝ እውነቱን መስማቷ አይደለም። አውቃ ለእኛ ስትል እየሳቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ብቻዋን መሆኗ ነው።

የሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። በመጪው ወር በስምንተኛው ቀን እነሣለሁ፤ ትኬቱ እጄ ላይ ነው። እስክመጣ ካልጠየቀችሽ ምንም አትበያት። ከጠየቀችሽ ግን፣ እባክሽ፣ እጇን ይዘሽ ንገሪያት፤ ከዚያም ሁለታችሁም አልቅሱ። እኔ አለመኖሬ ይቆጨኛል፤ ብቻ አትጠብቁኝ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ሰው ሁሉ እንደየራሱ ነው፤ አንዱን የሚያሳርፈው ለሌላው አይሆን ይሆናል። በዚህ አስልቶ መልስ የሚሰጠኝ ማሽን የለም። ግን የእትዬን ፊት ካየሁ በኋላ ያንን ደስ የሚል ደብዳቤ መጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ብትቆጪም ቻዪኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ዝናብ ሲሆን ቀስ ብሎ ይንዳ። ለትልቋ ልጅሽ፣ ክር ስለምታስገባልሽ እጇን ስሚልኝ፤ የጠየቀችኝን የቀለም እርሳስ ይዤላት እመጣለሁ። ያ አኩራፊው ወንድሟ አሁንም ካኮረፈ አጎትህ ይቆጣሃል በይው፣ ከዚያ ደግሞ እቀፊው። ለአክስታችን፣ አውሮፕላን እንደማልነዳ ቀስ አድርገሽ ንገሪያት፤ ካዘነች ግን ተያት፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ጎረቤታችን አናጢውን ስለ ጠገነው በር አመስግኚልኝ። እማማን ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ ሁለቱንም መዳፏን ስሚልኝ። «ወንድሜ ምን ጻፈ?» ካለችሽ «ይመጣል» በያት፤ እሱ እውነት ነው።

ሁሌም የምትናፍቂኝ ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ጥቅምት 19 ቀን